ኒውሮሎጂ ልመርጥ ነው፣ ሁሉም ሰው ተይው እያለኝ ነው። የገባችሁበት ሰዎች እስኪ ንገሩኝ

ጂፒ ከፈረንጅ አራዳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚሁ ጅማ ተምሬ እዚሁ አካባቢ አንድ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ምሰራ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ። ዘንድሮ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ፈተና ልቀመጥ ነው፣ ምርጫ ሙሊ ሲሉኝ ደግሞ እጄ ኒውሮሎጂ ላይ ነው ሚሄደው። ጓደኞቼ ራዲዮሎጂ ግቢ ዱቲው (ተረኝነቱ) ይሻላል፣ ደርማ (ቆዳ) ግቢ ሌሊት ሚቀሰቅስሽ የለም ምናምን ይሉኛል፣ አንድ ሲኒየር ደግሞ እየሳቀ "ኒውሮሎጂ ማለት ለበሽታው ቆንጆ ስም አውጥቶ በሽተኛውን መሸኘት ነው" አለኝ። አባቴ ጋ ደውዬ የነርቭ ሐኪም ልሆን ነው ስለው ትንሽ ዝም ብሎ "የአማኑኤሉ?" አለ ሃሃሃ።

ለምን ፈለግሽው ካላችሁኝ፣ ሌላ ኬዝ ሲመጣ ምን ልስጠው ብዬ ነው ማስበው፣ የነርቭ ኬዝ ሲመጣ ግን የቱ ጋ ነው የተበላሸው ብዬ ቆሜ ማሰብ እጀምራለሁ፣ ሰልፉም ይረሳኛል፣ ነርሶቹም ይቆጡኛል። እና በቃ ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማወቅ ምፈልገው ግን ቀኑ ምን ይመስላል? ማለቴ ጠዋት ከገባሽ እስከ ማታ ምንድነው ምትሰሪው? ያገባሁ ነኝ፣ ባለቤቴ እዚሁ ጅማ አስተማሪ ነው፣ ልጅ አለን፣ አዲስ አበባ ሄጄ ይሄ ሁሉ ዓመት ይቻላል ወይ። ደግሞ ጨርሼ ብመለስስ ምን ይዤ ነው ምሰራው፣ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንደልብ በሌለበት፣ ኤምአርአይ ለሁሉም በማይደርስበት ከተማ የነርቭ ሐኪም ምን ይሰራል? ያ ሲኒየር ያለው እውነት ይሆን እንዴ እያልኩ ነው። ሳትሸነግሉ ንገሩኝ።

የአጋሮ ልጅ፦

ሰላም እህቴ። እኔም የጅማ ምሩቅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ኒውሮሎጂ አር ስሪ (ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት) ነኝ። ዛሬ ፖስት ዱቲ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ እንቅልፍ ከያዘኝ ደግሞ መሀል ላይ ይቋረጣል።

ጠዋት ሞርኒንግ አለ። ሌሊት ዱቲ የነበረው የገቡትን ያቀርባል፣ ሲኒየሮቹ መጀመሪያ ሚጠይቁት ዲያግኖሲሱን አይደለም፣ "ሌዥኑ (የተጎዳው ቦታ) የት ነው?" ነው ሚሉት። ኮርቴክስ (የአንጎሉ ላይኛው ክፍል) ነው? ብሬይን ስቴም (የአንጎል ግንድ) ነው? ስፓይናል ኮርድ (ህብለ ሰረሰር) ነው? ነርቭ ነው ወይስ ጡንቻ? በምን አወቅሽ? ሲቲ አይቼ ካልሽ ሲቲውን እርሺውና ንገሪን ይሉሻል። መጀመሪያ አካባቢ ያናድዳል፣ ፊልሙ እዚህ ተሰቅሎ እያለ ለምን እንዲህ ያስጨንቁናል ያስብላል፣ በኋላ ነው ሚገባሽ። ለምን እንደሆነ በምሳሌ ልንገርሽ። ሁለቱም እግሩ የደከመ ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ እጁ ላይ የወገብ ኤምአርአይ ይዟል፣ ላም ሸጦ ያስነሳው ነው፣ ውጤቱ ምንም የለም ይላል ወይ ደግሞ ትንሽ ዲስክ ወጥቷል ይላል። ሀመር (ሪፍሌክስ መፈተሻ መዶሻ) አውጥተሽ ጉልበቱን ስትመቺው እግሩ ዘሎ ሊመታሽ ይደርሳል፣ የውስጥ እግሩን ስትጭሪው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ባቢንስኪ ይሄን የጻፈው በፈረንጆቹ 1896 ነው፣ አሁንም ቁልፍ በያዘ እጅ በነፃ ይሰራል። ስፓይናል ኮርድ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል፣ ስለዚህ እግር ላይ ሪፍሌክስ ከጨመረ ችግሩ ከዛ በላይ ነው፣ ደረት ወይ አንገት ላይ ነው መነሳት የነበረበት። ጀርባውን ስትነኪው ደግሞ መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ አጥንት ታገኛለሽ፣ የአከርካሪ ቲቢ ነው፣ ለዛ መድኃኒት አለው፣ ሳይቆይ ከመጣ ብዙዎቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። ልብሱን አስወልቆ ጀርባውን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ላሟም አትሸጥም ነበር።

ከሞርኒንግ በኋላ ራውንድ ነው። ረጅም ነው፣ እግር ያብጣል፣ ምቹ ጫማ ግዢ። አንድ አልጋ ጋ በጣም ሊቆም ይችላል ምክንያቱም ሲኒየሩ ራሱ ከአንቺ ጋ ደግሞ ይመረምራል፣ አንቺ ኖርማል ያልሽውን የዓይን እንቅስቃሴ እሱ ጣቱን ቀስ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ "እይው" ይልሻል። ከሰዓት ኦፒዲ (ተመላላሽ) አለ፣ ያው ህዝብ ነው፣ ሚጥል በሽታ፣ ራስ ምታት፣ ስትሮክ ፎሎው አፕ፣ ፓርኪንሰን። ዱቲ ከሆንሽ ደግሞ ኮንሰልት (ሌሎች ክፍሎች ሚያማክሩሽ) ነው፣ ከማህፀን ይደውላሉ፣ የወለደች እናት ራሷን አሟት ጣላት ይላሉ፣ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ሚመጣ መንቀጥቀጥ) ነው ወይስ የጭንቅላት ደም መልስ ረግቶ ነው፣ መለየት አለብሽ። ከአይሲዩ ይደውላሉ፣ ከሰርጀሪ ይደውላሉ፣ ኤልፒ (ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት) ምትሰሪው አንቺ ነሽ። ሁሌ ኒውሮ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ፣ መጀመሪያ አካባቢ ብዙው ጊዜ ውስጥ ደዌ ነው ሚያልፈው፣ ህፃናት ነርቭ አለ፣ ሳይካትሪ አለ፣ ኢኢጂና ኢኤምጂ (የጡንቻና የነርቭ ምርመራ) ማንበብ አለ። እኔ ኢኢጂ ላይ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሚጥል በሽታ ይመስለኝ ነበር።

ምንም አይደረግለትም ለሚሉት ደግሞ አንድ ልጅ ልንገርሽ። ግንበኛ ነው፣ ከእናንተ ሰፈር ነው የመጣው፣ ጅማ ዙሪያ። ተቅማጥ ይዞት ነበር፣ ከዛ እግሩ ደከመ፣ ከዛ እጁ። ሪፍሌክስ የለውም፣ ጂቢኤስ (ሰውነት የራሱን ነርቭ ሚያጠቃበት በሽታ) ነው። ትንፋሹን ሚለካ ማሽን ዋርድ ላይ የለንም፣ ስለዚህ አየር ሳብና በአንድ ትንፋሽ ቁጠር ነው ምንለው። ጤነኛ ሰው አርባ ሃምሳ ይደርሳል፣ ከ15 በታች ከወረደ ትንፋሹ ሊቆም ነው። ልጁ አማርኛ ብዙም አይችልም ነበር፣ እኔ በኦሮምኛ ስለው ቶኮ ለማ ሰዲ እያለ ጀመረ። ጠዋት 28 ደረሰ። ከሰዓት 19። ማታ ቁጥሩ 11 ላይ ሲደርስ ቆመና እኔን አየኝ፣ ኦክስጅኑ ግን ሞኒተሩ ላይ 96 ነው ሚለው፣ ማሽኑ ምንም አላየም። ኦክስጅን እስኪወርድ ብንጠብቅ ሌሊት ዋርድ ላይ ነበር ሚሞተው። አይሲዩ አልጋ እስኪገኝ ስንት ስልክ እንደተደወለ አትጠይቂኝ፣ እሱን ብጽፈው ሌላ ጽሑፍ ይሆናል። ቱቦ ገባለት፣ አይቪአይጂ (የጂቢኤስ መድኃኒት) ቤተሰቡ ሊገዛ ሚችለው ነገር አልነበረም፣ ትንፋሹን በማሽን ደግፎ ማቆየት ብቻ ነው የተደረገለት። በኋላ በክራንች መጥቶ ኦፒዲ ላይ ሰላም አለኝ። እና ይሄ ምንም አይደረግለትም ሚባለው ውስጥ ይገባል?

ከባዱ ነገር የለም አልልሽም። ሞተር ኒውሮን ዲዚዝ (እንቅስቃሴን ሚያዙት ነርቮች ቀስ በቀስ ሚሞቱበት በሽታ) ያለበት ሰው ፊት ቁጭ ብለሽ ምን እንደምትዪ ማንም አያስተምርሽም። ሊቮዶፓ (የፓርኪንሰን መድኃኒት) ጀምረሽለት አልጋ ላይ መገላበጥ ያቃተው ሽማግሌ ቆሞ ሲሄድ ታያለሽ፣ ከዛ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ይጠፋል፣ ልጁ ይደውልልሻል፣ ምን ትያለሽ። እኔን ከዱቲው በላይ ሚያደክመኝ ይሄኛው ነው።

ቡና ያለ ስኳር፦

እንግዲህ አንዱ ሸንጋይ ያልሆነ ሰው መናገር አለበት። እኔም አስቤው ነበር፣ አሁን ሌላ ዲፓርትመንት ነኝ፣ አልቆጨኝም። የአጋሮው ልጅ ያለው ሁሉ እውነት ነው ግን ያላለው አለ። አንደኛ ደሞዙን ታውቂዋለሽ፣ ሬዚደንት ሆነሽ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተሽ ልጅ ይዘሽ፣ ወይ ደግሞ ልጁ ጅማ አንቺ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በየሳምንቱ ሚመጣ የለም። ሁለተኛ ራዲዮሎጂስት ከሥራ ሲወጣ ወጣ ነው፣ ኒውሮሎጂስት ግን ሰው ገበያ ላይ ሲያገኘው "ዶክተር እስኪ እጄን ይደነዝዘኛል" ነው ሚለው። ሦስተኛ ሀመር ሀመር ሲባል እሰማለሁ፣ በሽተኛው ግን ፊልም ካልተነሳ ታከምኩ አይልም፣ ሦስት ሰዓት ብትመረምሪው ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ኤምአርአይ ተነስቶ ይመጣል። የግል ክሊኒክ ላይ ጥሩ ይሰራሉ እሱን አልክድም፣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይፈለጋሉ። ግን ለብሩ ብለሽ ከሆነ ረጅሙ መንገድ ነው።

የአጋሮ ልጅ፦

ብሩን ማን አነሳው ባክህ። ገበያ ላይ ሚጠይቁት ነገር ግን እውነት ነው፣ ባለፈው ሠርግ ላይ ክትፎ በእጄ ይዤ የአንድ ሰውዬ ራስ ምታት ሂስትሪ ወሰድኩ።

ሲስተር ከፎሎው አፕ፦

ሰላም ዶክተሮች። እኔ ነርስ ነኝ፣ ጅማ አካባቢ የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ዶክተሯ ጨርሼ ብመለስ ምን እሰራለሁ ብላ የጠየቀችውን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ።

የእኔ እህት፣ እዚህ ያለው ሥራ ማሽን ሚፈልግ ሥራ አይደለም። ብዙው ታካሚያችን ፊኖባርቢታል ነው ሚወስደው፣ ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል ሲገኝ። መድኃኒቱ ካለና በትክክል ከተወሰደ ብዙው ሰው ይቆምለታል። ታዲያ ለምንድነው ማይቆምለት ብለሽ ስትጠይቂ ነው ሥራው ሚጀምረው። ለምሳሌ ረመዳን ሲመጣ ታካሚዎቻችን ጠዋት ሚወስዱትን ያቆማሉ፣ አይነግሩንም፣ ምክንያቱም ጹሙ አትጹሙ ብለን ምንቆጣቸው ይመስላቸዋል። አንድ አብሮን ይሰራ የነበረ ሐኪም ነው ያስተማረን፣ ፊኖባርቢታል ደም ውስጥ ቀናት ሚቆይ መድኃኒት ነው፣ የቀኑን መጠን በሙሉ ማታ ከአፍጥር በኋላ አንዴ ቢወስዱት ይበቃል። ከዛ ወዲህ ረመዳን ሳይገባ ቀደም ብለን ለሁሉም እንነግራለን፣ ካርዳቸው ላይም እንጽፋለን፣ እንቅልፍ እንዳያጡም እንመክራለን ምክንያቱም ለሱሁር ተነስተው ሳይተኙ ሚውሉት ላይ ነው ሚብሰው። ካርባማዜፒን ሚወስዱት ግን እንደዛ አይሆንላቸውም፣ መከፋፈል አለበት፣ እነሱን ለየብቻ ነው ምናየው።

ሌላው የቡና ለቀማ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ቀጠሮ ላይ ሰው ይጠፋል፣ ሁሉም ለቀማ ላይ ነው፣ መድኃኒቱ ያልቅባቸዋል፣ ከዛ ጥር ላይ የተቃጠለ እጅ ይዘው ይመጣሉ። እሳት ዳር ነው ሚጥላቸው፣ በተለይ ሴቶቹን፣ እንጀራ ሲጋግሩ ቡና ሲያፈሉ። አሁን መስከረም ላይ የሦስት ወር እንሰጣለን፣ ስቶክ ካለ ማለቴ ነው። እናቶቹን ደግሞ ምድጃውን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ እንላለን።

ክብሪት ደግሞ አለ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ላይ ነው ሚይዙት፣ ሲነቃ ክብሪቱ ያነቃው ይመስላቸዋል፣ እሱ ግን በራሱ ጊዜ ነው ሚነቃው። አፍንጫው ሥር ጠባሳ ያለው ልጅ ካየሽ ሂስትሪ መጠየቅ አያስፈልግሽም። መከልከል ብቻ አይሰራም፣ ምትኩን መንገር ነው፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ አምጡት። ጸበል ሚሄዱትንም ቢሆን መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ ነው ምንለው፣ እንዲህ ስንላቸው ተመልሰው ይመጣሉ፣ ስንቆጣቸው ግን በዚያው ይቀራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይሄን ሐኪሞቹም ይዘነጉታል። ወጣት ሴቶች ክንዳቸው ላይ ሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አድርገው ፊኖባርቢታል ወይ ካርባማዜፒን ይወስዳሉ፣ መድኃኒቱ የመከላከያውን ጉልበት ይቀንሰዋል፣ ትፀንሳለች፣ ከዛ ባልየው ነርሷን ይሰድባል። በሦስት ወር ሚሰጠው መርፌ ይሻላል። ቫልፕሮዬት ደግሞ ለጽንሱ አደገኛ ነው፣ ልትወልድ ለምትችል ሴት አማራጭ እያለ አይሰጥም። ክትትል ክፍል ነርቭ ሐኪም ሲኖር እንዲህ ያለውን ቁጭ ብሎ ያስተካክላል፣ ሳይኖር ደግሞ አንድ ጂፒ ሰልፉን ለመጨረስ ሪፊል ሪፊል እያለ ይጽፋል፣ ልወቅሳቸው አይደለም፣ ሰልፉን አይቼዋለሁ።

ጂፒ ከፈረንጅ አራዳ፦

ሲስተር የረመዳኑን ነገር አሁን ነው የሰማሁት፣ እኔ ራሴ ረመዳን ላይ ስታተስ (ሳያቋርጥ ሚቆይ መንቀጥቀጥ) ሲበዛ አይቼ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ አልፌው ነበር። አመሰግናለሁ በጣም።

ጋሽ ውስጥ ደዌ፦

እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንልኝም፣ ለስህተቴ ይቅርታ። ጅማ ለረጅም ጊዜ ውስጥ ደዌ ሰርቻለሁ። ልጆች፣ እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ነርቭ ለመማር የፈለገ ሰው ውጭ ሀገር መውጣት ነበረበት፣ ብዙው ከወጣ አይመለስም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የነርቭ ሬዚደንሲ የጀመረው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ከዚያ በፊት በጣት ሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው ይሄን ሥራ የተሸከሙት። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አስቆጥረው በፈረንጆቹ 1990 ባሳተሙት ጥናት ከሺህ ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። እስኪ ይሄን ሒሳብ ወደ እኛ አምጪው፣ መቶ ሺህ ሰው ያለበት አንድ ወረዳ አስቢ፣ ምጣኔው ያው ከሆነ ከአምስት መቶ በላይ ሰው ነው፣ በአንድ ወረዳ። ስንቱ ነው ሲስተር ክፍል ሚደርሰው? ጅማ የተማርሽ ከሆነ ቲቲፒ (ተማሪ በቡድን ኅብረተሰቡ ውስጥ ሚሰለጥንበት) ላይ ቤት ለቤት ዞረሻል፣ ጓዳ ውስጥ ሚቀመጥ ልጅ አይተሻል።

ስም አውጥቶ መሸኘት ስላልሽው፣ የእኔ ትውልድ ነው ያን ቀልድ ያመጣው፣ ስትሮክን እያየን። ለጥቂቱ እውነት ነው። ደም የቋጠረውን ሚያሟሟው መርፌ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው ሚሰጠው፣ የእኛ በሽተኛ ከሚዛን ወይ ከቴፒ ሚመጣው በስንት ቀኑ ነው፣ መጀመሪያ በእሽት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ መኪና ፍለጋ። ስለዚህ ሐኪሙም እጁን ያጣጥፋል፣ ሲቲ ይታዘዛል፣ አስፕሪን ይጻፋል፣ አለቀ።

ግን ስትሮክ ያለበት ሰው በምን ይሞታል? ዋርዳችን ላይ ቁጭ ብለሽ ተመልከች። ቤተሰብ ይመጣል፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዟል፣ ሰውየው በጀርባው እንደተኛ በማንኪያ ያጠጡታል፣ ሳል ይላል፣ "ትንታ ነው" ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ በአምስተኛው ኒሞኒያ። በስትሮኩ አልነበረም ሚሞተው፣ በአጥሚቱ ነው። አንድ ወጣት ነርቭ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ እኛ ጋ መጥቶ ሲሰራ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር፣ ገና ሲገቡ ቀና አድርጎ አስቀምጦ በማንኪያ ጥቂት ውኃ ይሰጣል፣ ጉሮሮውን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከሳለ ወይ ድምፁ ከረጠበ በአፍ ምንም እንዳይሰጥ አልጋው ራስጌ ላይ በትልቁ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጽፋል፣ የምግብ ቱቦ ያስገባል። ለአስታማሚዋ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደምታገላብጠው በእጇ ያሳያታል። ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ወጪም የለውም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከእሱ ተማርኩ። ወጣት ሴት በስትሮክ ስትመጣ ደግሞ ልቧን ሳያዳምጥ አያልፍም ነበር፣ ስንቷ ናት የልብ በሯ በቶንሲል በሽታ ምክንያት ጠቦ ከልቧ የተነሳ ደም ጭንቅላቷ የደረሰው፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ ሚያደርግ መድኃኒት) ብትጀምር ሁለተኛው የመምጣት ዕድሉ ይቀንስ ነበር።

ግቢበት እላለሁ እኔ። ቤተሰብሽን ግን አስቀድመሽ አማክሪ።

ቡና ያለ ስኳር፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን ያ ወጣት ሐኪም አሁን የት ነው? ጅማ ነው ያለው? እኔ ምለው እሱን ነው። ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

ጋሽ ውስጥ ደዌ፦

አዎ ሄዷል። ልጆቹ አዲስ አበባ ነበሩ። የራስጌው ወረቀት ግን አሁንም ይለጠፋል፣ ነርሶቹ ይዘውታል።

ጂፒ ከፈረንጅ አራዳ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ተባረኩ። እሺ አሁን ተግባራዊውን ልጠይቅ። ባለቤቴ ሂጂ ይላል፣ እናቴ ልጁን እይዛለሁ ትላለች፣ እኔ ግን ልጁን ትቼ መሄዱ አልዋጥልህ ብሎኛል። አዲስ አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ? ስፖንሰር (ልኮ ሚያስተምረኝ መሥሪያ ቤት) ነገርስ እንዴት ነው፣ ጅማ ልመለስ ምፈልግ ከሆነ? ንባብስ ምን ላንብብ፣ ከአሁኑ?

የአጋሮ ልጅ፦

ከእኔ ባች አንዷ ልጅ ይዛ ነው የመጣችው፣ እህቷ አዲስ አበባ ስለነበረች ነው ግን የተቻላት፣ ዱቲ ማታ ልጁ እህቷ ጋ ያድራል። ሰው ከሌለሽ እውነቱን ልንገርሽ ከባድ ነው። ሞግዚት ቀጥረሽ ዱቲ ገብተሽ ስልክሽን ስታዪ ነው ምታድሪው። ሌላዋ ደግሞ ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው፣ እሷ ደግሞ በቪድዮ ኮል እያወራች ታለቅሳለች። የትኛው ይሻላል አልልሽም፣ እኔ ላጤ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ። ግን ቤቱን ከሆስፒታሉ አትራቂ፣ ኪራዩ ቢወደድም። ርቀሽ ምታተርፊውን ብር ታክሲና እንቅልፍ ይበላዋል።

ስፖንሰር ላይ፣ የት ነው ምታገለግዪው ሚለው ውልሽ ላይ ነው ያለው፣ ስንት ዓመት፣ ብታቋርጪ ምን ትከፍያለሽ፣ ለማን ነው ምትመለሺው። ማች (ምደባ) ወጣልኝ ብለሽ በደስታ አትፈርሚ፣ አንብቢው፣ አንድ ሕግ ሚያውቅ ሰው ካለሽ አሳዪው። ጅማ መመለስ ከፈለግሽ ስፖንሰርሽ ጅማ ቦታ ያለው መሆኑን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፣ በኋላ ዝውውር እጠይቃለሁ ሚባለው ነገር ተስፋ ብቻ ነው።

ንባብ፣ ለፈተናው ኒውሮ አታንብቢ ሃሃሃ። ውስጥ ደዌ፣ ህፃናት፣ ሰርጀሪ፣ ማህፀን፣ እነሱን ነው፣ ኒውሮውን ከገባሽ በኋላ ትጠግቢዋለሽ። ከአሁኑ ማድረግ ከፈለግሽ ግን አንድ ሀመር ግዢ፣ ረዘም ያለውን፣ ትንሿ ሦስት ማዕዘኗ ምንም አታሳይሽም። ቱኒንግ ፎርክ (ንዝረት መፈተሻ ሹካ) ከገዛሽ 128 ሄርዙን ይሁን፣ 512ቱ የጆሮ ነው። ከዛ ጤነኛ ሰው መርምሪ፣ ባለቤትሽን፣ እናትሽን፣ ኢንተርኖቹን። ጤነኛ ጉልበት እንዴት እንደሚዘል እጅሽ ካላወቀ የታመመውን አታውቂውም። ሌላው፣ ሚጥል ታማሚ ሲመጣ አስታማሚውን በስልክህ ቀርፀህ አምጣ በይው። ታማሚው ራሱ ብዙ ጊዜ ምንም አያስታውስም፣ አስታማሚው ደግሞ ደንግጦ ነው ያየው፣ "ተንቀጠቀጠ" ብቻ ነው ሚልሽ። አሁን ገጠርም ስልክ አለ፣ አንድ ደቂቃ ቪድዮ ከስንት ገጽ ሂስትሪ ይበልጣል። ኢኢጂ የለም ላልሽው ግማሽ መልሱ ይሄ ነው።

ሲስተር ከፎሎው አፕ፦

ቪድዮው እውነት ነው፣ እኛም ጀምረናል። ግን ሲቀርፁ ሌላ ሰው በጎኑ ያስተኛው በሉ፣ አንዳንዱ ልጁ እየወደቀ ስልክ ይዞ ይቆማል።

ጂፒ ከፈረንጅ አራዳ፦

እሺ፣ ጠፍቼ ነበር። ያላችሁትን ሞከርኩት፣ ትናንት አንዲት ወጣት መጣች፣ ፊኒቶይን ላይ ናት፣ አሁንም በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጥላታል፣ እኔ ዶዝ ልጨምር እያልኩ ነበር። ወንድሟን ቪድዮ አለህ አልኩት፣ ነበረው። ዓይኗ ጥብቅ ብሎ ተጨፍኗል፣ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታመላልሳለች፣ ይቆማል ደግሞ ይጀምራል፣ ረጅም ነው፣ ቪድዮው ራሱ ሰባት ደቂቃ ነው። መጨረሻው ላይ ታለቅሳለች። ምላሷ ላይ ምንም የለም። ይሄ ሚጥል በሽታ ነው?

የአጋሮ ልጅ፦

ዶዙን አትጨምሪ፣ አታቁሚም። በእውነተኛው ሲዠር ብዙ ጊዜ ዓይን ክፍት ነው፣ ጥብቅ ብሎ መጨፈን፣ መቆም መጀመር፣ ርዝመቱ፣ ለቅሶው፣ ሁሉም ወደ ሌላ ነው ሚያመለክተው፣ የጭንቀት ሊሆን ይችላል። ግን አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፣ ሁለቱም ያለባቸው ሰዎችም አሉ፣ ስለዚህ ሪፈር አድርጊያት፣ ቪድዮውን ወንድምየው እንዳያጠፋው ንገሪው፣ ኢኢጂ ትነሳ። እስከዛ ቤተሰቡ ፊት አስመሳይ ናት እንዳይባል፣ አስመሳይ አይደለችም፣ አውቃ አይደለም ምታደርገው። ብቻዋን አድርገሽ አነጋግሪያት ደግሞ፣ ወንድምየው ውጭ ይጠብቅ። መቼ እንደጀመራትና ያኔ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቂያት።

ጂፒ ከፈረንጅ አራዳ፦

ጠየቅኳት። እዚህ ምጽፈው አይደለም። ሰኞ ከሳይካትሪ ጋ አብረን እናያታለን፣ ሪፈሩንም ጽፌያለሁ።